በስሜ የሞቱት የኔታ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ጌጡ፤ መንዝ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከዚህ ከበጌምድር ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ያ ወገብዎን ያመዎት የነበረው ተሻለዎት ወይ? እናቴስ ደህና ናት? እናንተ ዘንድ ሰው በቀዬው ያድራል ወይስ መንዝም እንደዚህ አገር ሆነ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ለማለት ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ከጋፋት ማዶ ካለችው ቤተ ክርስቲያን፣ ድጓ ከሚያስተምሩት ከየኔታ ዘውዱ ዘንድ መቀመጤን ያውቃሉ። ድሮ ተማሪው ለምኖ ይበላ፣ የኔታም ሰበካው በሚሰጣቸው እህል ያስተምሩ ነበር። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን መንደሩ ግማሹ ተቃጠለ፤ የቀረውም ለራሱ የሚቀምሰው አጣ። በየደጁ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ሴቶቹ ባዶ እጃቸውን ያሳዩን ጀመር። ስለዚህ መማር የሚፈልግ ሁሉ የራሱን ቀለብና ለየኔታ ቤት የሚሆን እህል እያመጣ እንዲማር ሆነ። የኔታ ይህን ሲነግሩን ቀና ብለው አላዩንም።

እኔም ወደ ገሳይ በሚሠራው የመኪና መንገድ ድንጋይ ለማጋዝ ገባሁ። እስከ ቀትር እዚያ እቆይና እጄን ታጥቤ ከየኔታ እግር ሥር እቀመጣለሁ። የማገኘው ሊሬ ገብስ ይገዛልኛል፤ ከተረፈኝም ለብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ አስቀምጥ ነበር። ዜማው መሐል እንቅልፍ ሲጥለኝ የኔታ አይቆጡኝም። እስክነቃ ይጠብቁኝና ካቆምኩበት ያስቀጥሉኛል።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ተስቦ ጣለኝ። ካቦው፣ ማለት የሠራተኛው አለቃ፣ አንድ ቀን የቀረን ሰው ቦታ ለሌላ የሚሰጥ ነው። ሥራው ከሄደ ትምህርቱም መሄዱ ነውና ልነሣ ስንገዳገድ፣ የኔታ መልሰው አስተኙኝና «ተኛ ልጄ፣ በአንተ ፈንታ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ» አሉኝ። ጓደኛዬ ሞላ መስሎኝ አመስግኜ ተኛሁ።

አባቴ፣ የሄዱት እሳቸው ነበሩ። ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ የኔን ደበሎ ለብሰው፣ ስም ሲጠየቁ «ማሩ ጌጡ» ብለው ገቡ። ካቦው ሰው ጎደለ ይላል እንጂ ሰው ተለወጠ ብሎ አይጠይቅም።

ሳምንት ሳይሞላ የሚቆፈረው ገደል ተናደባቸው። በቃሬዛ አምጥተው ሲያወርዷቸው ገና ነፍሳቸው አልወጣችም። እየዳህኩ ደረስኩና «የኔታ፣ ምነው እንዲህ አደረጉኝ?» አልኳቸው። «አንተ ድጓውን ልትጨርስ ትንሽ ነው የቀረህ» አሉኝ። መሸት ሲል አረፉ።

ከተስቦው ድኜ ወደ መንገዱ ስመለስ የካቦው አስተርጓሚ ማን እንደምባል ጠየቀኝ። «ማሩ ጌጡ» ስለው፣ «እሱማ ሞቷል፤ ሌላ ስም ካለህ ንገረኝ» አለኝ። እንደ መጣሁ ተመለስኩ። ተማሪው ሁሉ ተበተነ፤ ሞላም ጣራ ገዳም ገባ። እኔ ግን የየኔታን ባለቤት እሜቴ ፈንታነሽን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም፤ የሚያርስላቸው ሰው የለም። ያኔ የቸገረኝ ለዜማው የሚሆን ጊዜ ማጣት ነበር። አሁን ከሞፈሩ ኋላ ቀኑን ሙሉ ላዜም እችላለሁ፤ ስሳሳት የሚያርመኝ ግን የለም።

ከመንገዱ ሠራተኞች መሐል የመንዝ ሰዎች ነበሩና፣ ማሩ ሞተ ብለው ወሬውን ይዘው እንደወረዱ ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ነጋዴው ዑመር ሳይቀድማቸው ቀርቶ መርዶው ደርሷችሁ ከሆነ፣ እናቴን ልጅሽ በሕይወት አለ በሉልኝ። የተቀመጣችሁትን ልቅሶ ግን ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ አታቋርጡት፤ ለየኔታ ዘውዱ ጨርሱላቸው። እዚህ እንደ ወጉ የሚያለቅስላቸው ሰው አላገኙም።

እናቴን ወይዘሮ አሰለፈችን ጉልበቷን ሳሙልኝ። እህቴን የሺን ከነባሏ፣ ታናሿን ዓለሚቱንም እንደምን አላችሁ በሉልኝ።

ልጅዎ ማሩ ጌጡ

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.