ቀይ በትር የተተከለበት መደብ

ይድረስ ለምወድሽ ለእናቴ። እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ዓይንሽስ? አባዬን ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገብ ደግሞ እዚህ እርሻ ላይ የማንም ደህና አይደለም።

ገዢዎቹ በምንሸጥላቸው ቅጠል ላይ የመድኃኒት ርዝራዥ አገኘን ብለው ሁለት ጊዜ ስለመለሱብን፣ ፀረ አረም አሁን የሚረጨው የእርሻው ዳር ዳር ብቻ ነው። በበሶብላው መሀል ገለባ እናለብሳለን፣ የቀረውን በእጃችን እንነቅላለን። ለጦስኝ ደግሞ መደቡን አለስልሰን፣ ሳንዘራ ውሃ እናጠጣዋለን። አረሙ ተታልሎ ብቅ ሲል ላይ ላዩን ፍቀን እንጥለውና ከዚያ ይዘራል። በተዘራው መደብ ላይ ቀይ በትር ይተከላል። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እትዬ ናቸው፣ እኚያ በየደብዳቤሽ የምትመርቂያቸው ዘሪ። በመጣሁ ሰሞን ፍራሻቸውን አካፍለውኛል።

እማዬ፣ ላንቺ አልዋሽም። ከስድስት ሳምንት በፊት ቸኩዬ፣ በትሩን ሳላይ፣ ከተዘራ ሁለት ሳምንት የሆነውን መደብ ፋቅሁት። የጦስኝ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ ለመብቀልም ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ካቦው መደብ ያበላሸ በዚያው ቀን ይሰናበታል ብሎን ነበር። ዙሪያዬን አየሁ፣ ሰው የለም። በትሩን ነቅዬ ጎን ያለው ባዶ መደብ ላይ ተከልኩት።

በማግስቱ እትዬ የፋቅሁትን መደብ ዝሪ ሲባሉ፣ ይሄንንማ ዘርቼዋለሁ አሉ። ካቦው በትሩን አሳይቶ ሳቀባቸው፤ ከዚያ እኔን ጠየቀኝ። በትሩ ያለበትን ሲዘሩ አይቻለሁ አልኩት። እትዬ አዩኝና ጎንበስ ብለው ዘሩ። በሳምንቱ በትሩ ያለበት መደብ አረም ብቻ ሲያበቅል፣ ዘሩን ሰርቀሽ ሸጠሽዋል ብሎ አባረራቸው። ሌባ የሚል ስም ስለወጣላቸው በዚህ አካባቢ የሚቀጥራቸው ጠፍቷል።

ዘሪነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። አለቀስሽ ወይ ብትዪኝ፣ አላለቀስኩም። ዓይናቸው ፈዟል፣ ዛሬ ባይሆን ነገ መባረራቸው አይቀርም ነበር እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኛል፣ ወገቤ ባይድንም ትንሽ ቀለል አለው።

ባለፈው ሳምንት ግን በዚያ በፋቅሁት መደብ ጥግ ዘጠኝ ጦስኞች ከሌሎቹ ሁሉ ረዝመው አገኘሁ። ከመኮትኮቻዬ ያመለጡ፣ የመጀመሪያው ዘር ናቸው። እትዬ እውነት መናገራቸውን የሚመሰክሩ እነሱ ብቻ ነበሩ። አንድ በአንድ ነቀልኳቸውና ከአረሙ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተትኳቸው። እጄ ቀኑን ሙሉ ጦስኝ ጦስኝ ሲሸት ዋለ። ሄደሽ ተናገሪ እንዳትዪኝ፤ አልናገርም።

አባዬን ጉልበቱን ስሚልኝ። ወሬ የማያልቅበትን ወንድሜን፣ ይህችን እንኳ ለራሱ ይያዛት በዪው። ትንሿ እህቴ እኔም ልምጣ የምትለውን ትተወው፤ እዚህ እንደ እኔ ያለ ሰው ይገጥማታል። ለእትዬ ብለሽ የላክሽው ሻሽ በደህና ደርሷል። ስዘራ እኔው አስረዋለሁ።

ልጅሽ
ከእርሻው ሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል አሥራ አንድ
ግንቦት 19 ቀን