ከሹም ፊት ያልተዘረጋ እጅ

ሶዶ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ወልደመስቀል፣ የከተማችን የመንገድ ሹም፤

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ይልቁንም አውቶሞቢልዎ ደህና ናችሁን? እኔ ለጤናዬ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በገበያው ዋርካ ላይ ከትእዛዝዎ አጠገብ ስለተለጠፈ፣ ሕዝብ ቀድሞዎት ቢያነበው እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። በከተማችን ያሉት አውቶሞቢሎች ሦስት ብቻ፣ ከሦስቱም አንዱ የማይንቀሳቀስ ሆኖ ሳለ፣ ሾፌር ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ቀኝ እጁን፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ግራ እጁን አስቀድሞ ይዘርጋ፣ እግረኛም የሾፌሩን እጅ ሳያይ አይሻገር ብለው ማዘዝዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፦ ትእዛዝዎን ከልቡ ያመነ አንድ ሰው ቢኖር ከጉኑኖ ዝንጅብል ተሸክሞ የሚመጣው ባዳቾ ነው። ማንበብ ስለማይችል ሰው ለምኖ በወላይትኛ አስነግሮ በቃሉ አጠናው። ባለፈው ማክሰኞ አውቶሞቢልዎ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲመጣ እንደታዘዘው ቆሞ የሾፌርዎን እጅ ተመለከተ። እጅ አልተዘረጋም። ቀጥ ብሎ የሚያልፍ መስሎት ወደ ጎኑ መንገድ ተራመደ፤ አውቶሞቢሉም ወደ ግራ ታጥፎ እግሩን ሰበረው። ወጌሻው ሲያሸው እንኳ የሚጮኸው «አይቻለሁ፣ እጁን አይቻለሁ!» እያለ ነበር።

ሁለተኛ፦ ሕዝቡ እንዳይናፍቅዎ ብለው የኋላውን ወንበር ትተው፣ መሪው በቀኝ በኩል ነውና ከሾፌርዎ ከጦና በስተግራ መቀመጥዎን ሳላመሰግን አላልፍም። ነገር ግን እንዲህ ሲቀመጡ፣ ጦና ለግራ መታጠፊያ የሚዘረጋው እጅ በክቡር ፊትዎ ላይ ማለፉ ግድ ሆነ። ትእዛዙ በወጣ በሳምንቱ እጅጌው ባርኔጣዎን ነካና፣ የዚያኑ ዕለት ደጄ ድረስ መጥተው «እትዬ የማርያምወርቅ፣ ይህ ያሳደጉት ልጅ በሹም ፊት እጁን ይወረውራል፤ ይምከሩልኝ» አሉኝ።

እኔም መከርኩልዎ። እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል።

ለጦና ፊደልንም ሥርዓትንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በሰባት ዓመቱ በእንግዳ ፊት እጁን አሳልፎ ቆሎ ቢያነሣ፣ የእጁን አንጓ በአርጩሜ ሦስት ጊዜ መታሁት፤ እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነበርና። እርስዎ ከደጄ በተመለሱ ጊዜም፣ የሃያ ስድስት ዓመቱን ሰው እንደ ልጅ አስቁሜ፣ በትልቅ ሰው ፊት እጅ አይዘረጋም፣ እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩህም አልኩት። «እማማ፣ ትእዛዙስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ትእዛዝ ይሻራል፣ ነውር ግን አይሻርም» ብዬ መለስኩለት፤ በአነጋገሬም ኮርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጦና እጁን ወደ ግራ አልዘረጋም።

ሦስተኛ፦ አደጋው ሲደርስ አውቶሞቢሉ ውስጥ የነበሩት እርስዎ፣ በችሎቱም የፈረዱት እርስዎ በመሆንዎ፣ ከተማው ምስክር ከመፈለግ ድካም ድኗል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። «ይህን ስድ ማን አሳደገው?» ብለው ሲጠይቁ ከእርስዎ አምስት ክንድ በማይሞላ ቦታ ቆሜ ነበር። በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ዝም አልኩ። ጦና ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «ያጠፋሁት እኔ ራሴ ነኝ» አለ፤ እርስዎም በመጪው ገበያ በሕዝብ ፊት አርባ ጅራፍ እንዲገረፍ ፈረዱበት።

ትናንት ወደታሰረበት ውሃ ይዤለት ሄድኩ። እግር ብረቱን እየጎተተ ተነሣና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ያስተማርኩት እንዲያ ነው። የጠየቀኝ ስለ ባዳቾ እግር ብቻ ነበር። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር፤ ስድብ ግን አላስተማርኩትም።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። በችሎቱ ያልመለስኩትን ዛሬ እመልሳለሁ፦ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እጁን የከለከልኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ በገበያው ቀን በሕዝብ ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። ቅጣቱ ከአስተማሪዋ እንዲጀምር በትሕትና እለምናለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነውና አርባውን ባልጨርስ፣ የቻልኩትን ያህል ከጦና ላይ ይቀነስለት። ያቺን አርጩሜ እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ፤ ይዣት እመጣለሁ።

ያልተዘረጋውን እጅ ለመቅጣት፣ የተዘረጋውንም ለመቆጣት የሚበቃ ጉልበት ፈጣሪ እንዳያጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ፤

የሰውን ጥፋት ለማረም የፈጠነች፣ የራሷን ለመናገር የዘገየች፣
የማርያምወርቅ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ከአደጋው ወዲህ ከኋላ ወንበር መቀመጥ መጀመርዎን፣ የአዲሱ ሾፌርዎም እጅ እንደ ልቡ መዘርጋቱን ገበያው ሁሉ አይቷል። ጥፋቱ የጦና ብቻ ከነበረ፣ ክቡር ግራዝማች፣ እርስዎ ቦታ የለወጡት ስለ ምንድን ነው?