የብረት ቆቦች ክፍል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዝናብ። የአረጋውያኑ ቤት ዛሬም አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ… እጄ የኔ አይመስለኝም። ቤት ስገባ ማንደፍሮ ሳሎን መሐል ተንበርክኮ የብረት ቆብ በጥርስ ብሩሽ ያሻል። በማን ብሩሽ? በኔ።

«ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ደህና ዋልሽ ከማለቱ በፊት።

«ምኑ?»

«የጀርመን ነው። የውስጡ ቆዳ ሳይቀር ኦሪጅናል!»

ትንሿ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቆብ አሥራ ምናምን ደርሷል። ሳንጃው፣ ኮዳው፣ የጋዝ ጭንብሉ ሳይቆጠር። ሆላንዶች ጦርነት አይወዱም፤ ዕቃውን ግን ይወዱታል። ገበያ አላቸው፣ ጨረታ አላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤግዚቢሽን አላቸው። አሁን ደግሞ ባሌ አላቸው።

ክፍሏ የእህቴ የሰገነት ናት። ካርቱም ተቀምጣ ቪዛ ስትጠብቅ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስትመጣ እዚያ ትተኛለች ተባብለናል። እሱም እሺ ብሏል። እሺ ይልና ቆብ ይገዛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ሮተርዳም ይዞኝ ሄደ። ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር፣ ትምባሆ የሚሸት አዳራሽ። ጺማቸውን ያሳደጉ ቦርጫም ወንዶች በዛገ ቀበቶ ይከራከራሉ። ሚስቶቻቸው ከኋላ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። አንዷ ቀና ብላ አየችኝ። አየኋት። ቋንቋ አላስፈለገንም።

አጫራቹ አንድ ኮት አነሳ። ካኪ፣ የነሐስ ቁልፍ፣ ደረቱ ላይ ኒሻን። «አቢሲኒያ» ሲል ማንደፍሮ እጁን እንደ ተማሪ ቀሰረ። አንድ ሽማግሌ ሆላንድም ጨመረ። ማንደፍሮ ተነስቶ ደረቱን እየመታ «አገሬ ነው! አገሬ!» አለ በእነሱው ቋንቋ። ሽማግሌው አፍሮ እጁን አወረደ።

እንዲህ ነው የተሸነፈው። ባሌ ያሸነፈው ብቸኛ ጦርነት…

ባቡር ላይ ኮቱን እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

«የሻምበል ነው» አለኝ።

«የማን ሻምበል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ሰውየው ሞቶ ይሆን? ወይስ ቸግሮት ሸጦት? ልጆች ይኖሩት ይሆን?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ለካው። እጅጌው ጥፍሩን ሸፈነ። «አሳጥሪልኝ» አለ። አሳጠርኩ። ሻምበልነቱን በልኩ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

አምስተርዳም፣ ከጸሎት በኋላ የአበሻ ስብሰባ ነበር። ለብሶት ሄደ።

ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው እናትነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ ጋሼ! ሻምበል ነበሩ እንዴ?»

አዎ አላለም። አይ አላለም። ፈገግ ብሎ ወደ መስኮቱ አየ… ብዙ እንዳሳለፈ ሰው። ከዚያ ወዲያ ሻምበል ግቡ፣ ሻምበል ብሉ፣ ሻምበል እንዴት ያዩታል። ወደ ባቡር ጣቢያው ስንሄድ ቀኝ እግሩን ትንሽ መጎተት ጀመረ። ቁስል መሆኑ ነው!

አዲስ አበባ ሥራው ልብስ ግምጃ ቤት ነበር። ለወታደር ሱሪ ያድላል፣ ጫማ ይለካል። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። ጠላቱ ብል ነበር፤ ጥይት አያውቅም። ሌላዋ ወታደር አግብታ ጡረተኛ ይወጣላታል። እኔ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አግብቼ በስተርጅና ሻምበል ወጣልኝ።

ለምን አልተናገርኩም? ባልን ሰው ፊት ማዋረድ… ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?

ጋሽ ተኽላይ ብቻ ሻምበል አላሉትም። የአስመራ ሰው ናቸው፤ የምር ወታደር ነበሩ፣ ግን ስለ ውጊያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ኮቱን በሁለት ጣት ዳሰስ አደረጉና «ያምርብሃል ማንደፍሮ» አሉት። «የማን ነበር?»

ስለ ብርዱ ማውራት ጀመረ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሰገነት ደወለች! ቪዛው ተመታ! እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ፣ መስመሩ ተቋረጠ። በገና ሰሞን ትገባለች።

ለማንደፍሮ ስነግረው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ከልቡ ነው። ደግ ነው እኮ። ቀጥሎ ራሱን አከከ።

«ሳሎን ብትተኛስ?»

«ሳሎን?»

«ሶፋው ሰፊ ነው። ትንሿ ክፍል እኮ እርጥበት የላትም፣ ለብረት ትስማማለች።»

ለእህቴስ ደረት አትስማማም? አላልኩም። እንደ ልማዴ አሰብኩትና ዋጥኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

«ዕቃውን ከሥራችን ያለው ምድር ቤት አውርደው» አልኩ። «ይዝጋል» አለ። ሰገነት ካርቱም ሁለት ዓመት ስትቀመጥ አልዛገችም?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

አንድ ሳንጃ ተጨመረ።

እሑድ፣ ኅዳር 29

የትናንቱን ልጻፍ። ይሳቅበት ይለቀስበት እንጃ።

ማንደፍሮ በጠዋት አምስተርዳም ሄደ፣ ለኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ሊከራይ። ከመሄዱ በፊት ዕቃውን እንዴት እንደሚያሳይ ሳሎን ውስጥ ሞከረው። መስኮቱ ሥር ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ («ኒሻን በጥቁር ላይ ያምራል»)፣ ኮቱ መደገፊያው ላይ፣ አንድ የወታደር መለዮ ከላይ፣ ሥሩ ደግሞ ያንኑ ኮት ለብሶ የተነሳው ፎቶ በትልቁ። መጋረጃውን ከፍቶ ተወው። ሰፈራችን ሙርዋይክ ሁሉም መጋረጃውን ከፍቶ ነው የሚኖረው፣ የእኛ መስኮት ደግሞ ከመንገዱ እኩል ነው። ሆላንዶቹ እንዲያዩለት ነው።

ሆላንዶቹ አይተው አለፉ። ቀጥላ እናትነሽ ከገበያ ስትመለስ አየች።

የሟች ልብስ ተዘርግቶ፣ ፎቶው ቆሞ፣ ጥቁር ተነጥፎ… አበሻ ሌላ ምን ሊያስብ? ቁልፋችን እሷ ጋ አለ። ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ጩኸቱ መንገድ ድረስ ይሰማል። ደጃፋችን ላይ ሰው። በሩን ስገፋው እናትነሽ አንገቴ ላይ ወደቀች።

«ምነው ይመኙሻል! ምነው ሳትነግሪን፣ ለብቻሽ!»

በጠዋት ባቡር የተሳፈረ ሰው… ባቡሩ ምን ሆነ? ማንን ልጠይቅ? ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዴት ሞተ የሚል አለ? እነሱ እኔ የማውቅ መስሏቸዋል፣ ልብሱን ዘርግቼ ሬሳ ለመቀበል የሄድኩ። እኔ ደግሞ መርዶ ሊነግሩኝ የተሰበሰቡ መሰለኝ። ሁላችንም እያወቅን አለቀስን። የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ፍራሽ ለማንጠፍ ቦታ ሲያስለቅቁ ትንሿን ክፍል ባዶ አድርገዋታል። ጋሽ ተኽላይ በየክንዳቸው ቆብ ደራርበው ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም ብለው ቆቦቹን አዩ። «ለእነዚህ ልጆችስ ማን ፍራሽ አነጠፈላቸው?» አሉ፣ ለራሳቸው። ወረዱ።

ያን ሁሉ ወር የለመንኩት በአንድ ከሰዓት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሁሉ እንባ መሐል «አልጋዋ በመስኮቱ በኩል ይሆናል» ብዬ አሰብኩ። ያን በማሰቤ ደንግጬ የባሰ አለቀስኩ።

እናትነሽ ሙሾ ታወጣለች፦ የጦሩ አንበሳ፣ የምሽጉ በር፣ ጠላት ስሙን ሲሰማ… ሰው ይቀበላል። ደረቴን ስመታ የኔም ድምፅ ወጣ። በሃምሳ ዓመቴ ሰው ፊት እንዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«አንድ ጥይት ያልተኮስክ! ማንንም ያልገደልክ! የግምጃ ቤቱ ሰው፣ ለሺህ ሰው ጫማ ለክተህ አንተ በሸበጥ የሄድክ! ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ማሞቂያው ላይ የምታሞቅልኝ… ማን ያሞቅልኛል!»

ተቀባይ ጠፋ። እናትነሽ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች።

«ግምጃ ቤት?» አለች።

በዚህ መሐል ነው በሩ ላይ ያየሁት። ማንደፍሮ፣ ከነካፖርቱ፣ በእጁ የወታደር ጥሩምባ። እናትነሽ «በስመ አብ!» ብላ ስትፈናጠር የንፍሮው ሳህን ተገለበጠ። አንዷ ፍራሹ ላይ በደረቷ ተደፋች።

«ማን ሞተ?» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሁሉም ወንበሩን አየ።

«ሻምበሉ» አሉ ጋሽ ተኽላይ። «አንተ ደህና ነህ። ግባና ንፍሮ ቅመስ።»

ተነሳሁ። ደረቱን በቡጢ አንዴ መታሁት፣ ደገምኩት፣ ከዚያ አቀፍኩት። ጥሩምባው ጎድኔን ወጋኝ። ምን ያህል ጊዜ ቆሞ ነበር? እንጃ። ስለ ሸበጡ ያልኩትን ሰምቷል። ዓይኑ ይናገራል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ኮቱን አጣጥፈህ አንሳው ስለው እጁን ሰበሰበ።

«የተለቀሰበት ልብስ አልነካም።»

ተመልከቱልኝ! የአሥራ ምናምን ሟች ቆብ በጥርስ ብሩሽ ሲያሽ የኖረ ሰው! ሟቹ ሌላ ሲሆን ኦሪጅናል፣ ራሱ ሲሆን ርኩስ።

ማታ «ቆቦቹን እንኳ ልመልስ፣ ምድር ቤቱ ይንጠባጠባል» አለ።

«አይሆንም።»

ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ሁለታችንም ዞር ብለን አየን፣ ማን እንደተናገረ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ቆቦቹንም፣ እኔ ያጣጠፍኩትን ኮትም በሳጥን ጭኖ ሮተርዳም ጨረታ ሄደ። «አገሬ ነው» ብሎ የገዛውን አገሩን ሸጦ መጣ። እናትነሽ ደረጃ ላይ ስታገኘው «ጋሼ» ብላ ብቻ አለፈች። እግሩ ዳነ፤ አይጎተትም።

ከእሷ አገልግል ምስር መጣ። ይቅርታ መሆኑ ነው። ለማን? በሕይወት ስለተገኘ?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ሰገነት መጣች።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አላወቅኋትም። ከሲታ፣ ስስ ነጠላ፣ ክፍት ጫማ። ተቃቅፈን ስንላቀስ ማንደፍሮ ራቅ ብሎ ቆመ። ለካ በመከር ደብዳቤ ጽፎላታል፣ ከነማዕረጉ። ተያይተው አያውቁም፤ እጇን ዘርግታ ወደ እሱ ሄደች።

«ሻምበል! እስካሁን በአካል ሳላውቅዎ…»

አየኝ። አላገዝኩትም።

«ግምጃ ቤት ነበርኩ፣ ሰገነት። ልብስ አዳይ።» ከላስቲክ ውስጥ የሱፍ ካፖርት አወጣ። «ቁመትሽን ይመኙሻል ነገረችኝ። እስኪ ልበሺው፣ እጅጌው ይበቃሻል?»

ልክ ሆነ። ሰው ልኩን ሲያውቅበት…

ቤት ገባን። ክፍሏን አሳየናት። አልጋው በመስኮቱ በኩል። እጇን ትራሱ ላይ አድርጋ «ለኔ ብቻ?» አለች። «ላንቺ ብቻ» አልኳት። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ልትከት ገፋ ስታደርግ… ቋ!

ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። የብረት ቆብ። ከነቆዳው።

ማንደፍሮ በሩ ላይ ነው። «አንድ ብቻ… ኦሪጅናል እኮ ነው።»

«ከዚህ ክፍል ይውጣ» አልኩ።

«ማን? እኔ ወይስ ቆቡ?»

ሰገነት ሳቀች። በሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው አለች። እሱ መልሴን እየጠበቀ ነው። እያሰብኩበት ነው።