የልጄን የፊልም ደንበኝነት በመጨረሻ ስለዘጋችሁልኝ

ለእልፍኝ የፊልም አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤንነትን እመኛለሁ፤ በተለይ ለልጆችዎ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ብቻ እንዳልሆነ ወረድ ብለው ሲያነቡ ይረዱልኛል። እኛ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ንፋስ ሳያንኳኳ በሚገባበት ቤት ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ቀርተን፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት ድርጅትዎ «አገልግሎታችን በየወሩ ለሚከፍሉት ዋጋ ይመጥናል?» የሚል መጠይቅ በስልኬ ልኮልኛል። መልሴን ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር እንድሰጥ፣ አስተያየት ካለኝም ከመቶ ስድሳ ፊደል እንዳይበልጥ በትሕትና ተጠይቄአለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝና በመቶ ስድሳ ፊደል ሰላምታውን እንኳ መጨረስ አቃተኝ። ስለዚህ መልሴ በጋዜጣ ወጥቶ እንዲደርስዎ መርጫለሁ፤ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

መልሱ እንዲገባዎት ደንበኛዋን ማወቅ ያስፈልግዎታል። ደንበኛዋ እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ሲና ዓለሜ ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። በመጀመሪያ ደመወዟ ለእኔ ጫማ፣ ለአባቷ ሹራብ፣ ለቤቱ ደግሞ የእናንተን ፊልም ገዛች። ባለቤቴ ዓለሜ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶብስ ሾፌርና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ሹራቡን መርቆ ተቀበለ፤ ፊልሙን ግን ለነፍስ አይበጅም ብሎ፣ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ወንበሩን ይዞ ወደ በረንዳ ይወጣ ነበር። እሷም አልተከራከረችውም፤ ድምፁን ትቀንስለት ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ኩላሊቷ ታመመ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣ ደሟን ከሚያጥበው ማሽን አጠገብ ትቀመጣለች። አባቷ ያመላልሳታል፤ እሷ ውስጥ ሆና በስልኳ ፊልም ስታይ እሱ ኮሪደሩ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል። ከዕለታት አንድ ቀን ስለ አውቶብስ ሾፌር የተሠራ ፊልም አገኘችና ማሽኑ ሳይጀምር ወደ በሩ ዞራ፣ «አባዬ፣ ግባና አብረን እንየው፤ ሾፌሩ አንተን ይመስላል» አለችው። እሱም ውጭ እንደሚጠብቃት ነገራት። ፊልሙ አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቆሞ ቀረ። በዚያው ሳምንት፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ቀበርናት።

እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስላልተቋረጠው የናፍቆት መልእክታችሁ አመሰግናለሁ። ከተቀበረች ገና ወር ሳይሞላት «ውድ ሲና፣ ከጠፋሽ ሰነበትሽ፤ ናፍቀሽናል» የሚል መልእክት በስልኳ ደረሰ። ስልኳን መዝጋት አቅቶኝ በየቀኑ ቻርጅ አደርገው ስለነበር ያነበብኩት እኔ ነኝ። የሐዘን ድንኳናችን በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ሳይሰለች በየሳምንቱ ልጄን በስሟ የጠራት የእርስዎ ድርጅት ብቻ ነው። ናፍቀሽናል ለማለት እኔና አባቷ አፋችን ተሳስሮ ሳለ፣ እናንተ በሁለት መስመር ጻፋችሁት። በዚህ ሙያችሁ መቅናቴን አልደብቅዎትም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥንቃቄያችሁ። በጥር ወር፣ ክፍያው ከባንክ ሒሳቧ በራሱ መቆረጡን ስላላቆመ፣ ደንበኝነቱን ለማስዘጋት ቦሌ ወደሚገኘው ቢሯችሁ መጣሁ። ሊሚ የምትባል ጨዋ ልጅ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ፤ ከዚያ ግን መለያውን ለመዝጋት ባለቤትዋ ራሷ በአካል መቅረብ እንዳለባት ገለጸችልኝ። የሞት የምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። አንብባው ዓይኗ እንባ ሞላና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች፤ ቆይታም፣ «እናቴ፣ ሲስተሙ ይህን የሚሞላበት ቦታ የለውም» አለችኝ። ልጅቷን እንዳይቆጡብኝ፤ ሲስተሙን የሠራችው እሷ አይደለችም። በኋላ የማቋረጫ ማመልከቻ አወጣችልኝ። በምክንያት ረድፍ ሦስት ምርጫ ብቻ ነበር፤ ዋጋው ተወደደብኝ፣ የምወደው ፊልም አጣሁ፣ ወደ ሌላ አገልግሎት ተዛውሬአለሁ። ብዙ አሰብኩና ሦስተኛው ላይ ምልክት አደረግኩ። ስለ ልጄ ከምናምነው ነገር ጋር የሚስማማው እሱ ብቻ ነበር። የራሴን ስልክ ቁጥር ከሥር ጽፌ ወጣሁ። ማመልከቻው ይመረመራል ተባልኩ።

ሦስተኛው ነገር አቤቱታ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልለየሁትም፤ እርስዎ ይለዩልኝ።

ዓለሜ ጠዋት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እኔ ቴሌቪዥኑን እከፍት ነበር። ፊልም ለማየት አይደለም። የሲና ስም ያለበትን ክብ ምልክት ስነካው «ካቆሙበት ይቀጥሉ» የሚለው ይመጣል፤ ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ቆሟል፤ ከሥሩ ቀይ መስመር አለ፤ አርባ አንድ ደቂቃ። እሱን አይቼ እዘጋዋለሁ። መቃብሯ ሩቅ ነው፤ ይህ ግን ሳሎኔ ውስጥ ነው። በመጋቢት አንድ ሐሙስ ጠዋት ስከፍተው አርባ አራት ይላል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ የምጸልይ ሴት ነኝ፤ በመናፍስት ወሬ አልታማም። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። አርባ አራት ነው። ሾፌሩም መሪውን ለቆ ከአውቶብሱ ወርዶ ቆሟል። ቤታችን ውስጥ ከእኔና ፊልም ከማያይ ባሌ በቀር ሰው የለም። የበሩን መቀርቀሪያ ሄጄ ነካሁት። ከዚያ ተመልሼ በሰው ፊት ለማውራት የሚያሳፍረኝን ነገር አደረግኩ፤ እጄን ቴሌቪዥኑ ላይ ጭኜ «ሲና?» አልኩ። መልስ እንደማይመጣ እያወቅኩ ቆሜ ጠበቅኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አርባ ሰባት ሆነ። በሌላው ሐሙስ አምሳ። ለዓለሜ አልነገርኩትም፤ እምነቷ ላላ ብሎ እንዳያዝንብኝ ፈራሁ። ሐሙስ ሲደርስ ሌሊቱ ሳይነጋ ነቅቼ የእሱን መውጣት እጠባበቃለሁ። ትወደው የነበረውን ወንበር ከቴሌቪዥኑ ፊት አስተካክዬ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ደንበኝነቱ እንዳይዘጋም ለሊሚ ስልክ ደወልኩና ማመልከቻዬን እንድትተወው ለመንኳት። ከእጇ ወጥቶ ወደ ላይ እንደሄደ፣ ከላይ ደግሞ የሚመለስ ነገር እንደሌለ በለሰለሰ አንደበት ነገረችኝ። ከላይ የተባለው እርስዎ ይመስሉኛል።

በግንቦት አንድ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት ላይ ሳለን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ ጣራው ድምፃችንን ዋጠውና ፕሮግራሙ ሳያልቅ ተበተንን። ከወትሮው አንድ ሰዓት ያህል ቀድሜ ቤት ገባሁ። ዓለሜ በሲና ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሹራቡን ለብሷል። ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፁን እንደ ሹክሹክታ ቀንሶ፣ ፊልሙን ያያል።

የመጀመሪያ ስሜቴ ምሕረት አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ የምጠብቃት ልጄን በዚያች ደቂቃ ሁለተኛ ቀበርኳት። ምን እያደረገ እንደሆነ ስጠይቀው ድምፄ ክፉ ነበር። እሱ ዓይኑን ከፊልሙ ሳያነሣ፣

«ጠርታኝ አልገባሁም ነበር» አለኝ። «አሁን ገባሁ።»

ቆይቶ ሁሉንም ነገረኝ። እኔ ረቡዕ ጸሎት ስሄድ ሦስት ደቂቃ ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። ለምን ሦስት ብቻ አልኩት። ካለቀ ሌላ የለኝም አለኝ። እርጥብ ነጠላዬን አውልቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሴቶች ጸሎት ላይ ረቡዕ ረቡዕ የቀረሁት በእርስዎ ፊልም ምክንያት ስለሆነ፣ እኅቶቼ ይህን ሲያነቡ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሾፌሩ ባሌን በእርግጥ ይመስላል። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አገጩን ወደፊት ያወጣል። ዓለሜ አንዳንዴ «እዚህ ጋ ማርሽ መቀነስ ነበረበት» ይላል፤ እኔም ዝም በል፣ አይሰማህም እለዋለሁ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ተቀምጠን አናውቅም።

አራተኛ፤ ስለ ፍጥነታችሁ። በሐምሌ አንድ ረቡዕ፣ ከፊልሙ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር፣ ቴሌቪዥኑን ከፍተን ተቀመጥን። «ይህ መለያ የለም» አለን። ወዲያው በስልኬ «ጥያቄዎ በተሳካ ሁኔታ ተስተናግዷል» የሚል መጣ። በጥር እያለቀስኩ የለመንኳችሁን በሐምሌ፣ እንዳታደርጉት ከለመንኳችሁ በኋላ፣ ፈጸማችሁልኝ። ሊሚን በስልክ አገኘኋት፤ የተሰረዘ አይመለስም አለችኝና ከእኔ በፊት እሷ አለቀሰች። በራሴ ስም እንደ አዲስ ተመዘገብኩ። ፊልሙ አለ፤ ከዜሮ ይጀምራል። ዓለሜ አንዴ አየውና፣ ይህ የእሷ አይደለም ብሎ ተነሣ። ወንበሩን ግን ወደ በረንዳ አላወጣውም። ሁለት ሳምንት ያህል እህል በወጉ አልቀመሰም።

አምስተኛ ብዬ የምቆጥረው የለኝም። የሆነውን ግን ልንገርዎት።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ዓለሜ ሳይነግረኝ ታክሲ ይዞ ወደ ኩላሊት ማጠቢያው ሄደ። ከሲና ጎን ባለው ወንበር ይታጠብ የነበረ ፈሀድ የሚባል ወጣት ነበር፤ ሽሮ ሜዳ ጋቢ የሚሸጥ፣ ሰው የሌለው ልጅ ነው። ዓለሜ ኮሪደር ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ ሰላም ብሎታል፤ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ቀን ገባና ስለዚያ ፊልም ጠየቀው። ፈሀድም ከሲና ጋር አንድ ኢርፎን ተካፍለው ያዩት እንደነበር አጫወተው። ፊልሙ አርባ አንድ ደቂቃ ላይ የቀረበትን ምክንያትም ነገረው።

«አባባ፣ አስሬ ታቆመው ነበር» አለው። «‹እይ፣ አባዬም መሪ የሚያዞረው እንዲህ ነው› ትለኝና ስለ እርስዎ ማውራት ትጀምራለች። እንዲያ እያለች የማሽኑ ሰዓት ያልቃል።»

ፈሀድ የቀረውን አላየውም። እሷ ከቀረች በኋላ ብቻዬን ማየት ከበደኝ ብሏል። እንግዲህ ባሌ፣ ፊልም ለነፍስ አይበጅም ይል የነበረው ሽማግሌ፣ በየማክሰኞው ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ከአርባ አንደኛው ደቂቃ በኋላ የሆነውን ለፈሀድ ይተርክለታል። እንደ ሾፌር ነው የሚተርከው፤ ፍሬኑ፣ ማርሹ፣ መንገዱ ሳይቀር። ፈሀድ በፈንታው ሲና የነገረችውን አንድ አንድ ያወራለታል። ዓለሜ ማታ ለእኔ ያመጣልኛል። ስለ ራሴ ምን እንዳለች ገና አልጠየቅኩም፤ እፈራለሁ። የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ደቂቃዎች ትረካው ሲደርስ በፈሀድ ስልክ አብረው ሊያዩ ተስማምተዋል። እኔም እንድመጣ ተጠርቻለሁ፤ እሄዳለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ወርሃዊ ዋጋችሁ ከግማሽ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ነው። ልጄ በዚያ ገንዘብ የገዛችውን ነገር እናንተ እንዳልሸጣችሁላት ባውቅም፣ አዋጥቷታል፤ እኛንም አዋጥቶናል። ከአንድ እስከ አምስት ስንት እንደሚሆን ግን ሒሳብ አላውቅበትምና ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ሲስተምዎ ዕድሜ፣ ማመልከቻዎም አራተኛ ምክንያት እንዲጨመርለት ከልብ እየተመኘሁ፣ ለሊሚ የደመወዝ ጭማሪ እንዲያስቡላት በትሕትና እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት ከወንበሬ ብድግ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አስቻለች ኢስሐቅ
የሲና ዓለሜ እናት
ጉለሌ፣ ነሐሴ ወር

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ ለማስገባት ስሄድ ታክሲ ውስጥ አዲሱን ማስታወቂያችሁን በሬዲዮ ሰማሁት፤ «መላው ቤተሰብ በአንድ ዋጋ» ይላል። ወያላው ሒሳብ ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም ነበር። «መላው» የምትለዋን ቃል ብትተዉአት ከገቢያችሁ ምንም አይጎድልም፤ አረፍተ ነገሩም እንደ ቤታችን አንድ ብቻ ጎድሎት ይቆማል።