የእትዬ እጆች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም የልጅነቴን ምዕራፍ ስነካካ ዋልኩ። ሁለት ገጽ ጽፌ አንድ ተኩሉን ሰረዝኩ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ አጠገቤ ራዲዮ ታዳምጣለች። ቀንሺው ብላት ያልሰማች መሰለች። ታላቅነት በዚህ ዕድሜም ሥልጣን ነው...

ከሰዓት አሳታሚው ደወለ። የሕይወት ታሪኬ ሽፋን ላይ ፊቴ እንዲወጣ አልፈለገም። "ፊትዎንማ ሰው ጠግቦታል። ያን ዝነኛ እጅዎን ነው የምናወጣው" አለ። በአንድ ወገን ከመጀመሪያው ፊልሜ የተወሰደው፣ በሌላ ወገን የዛሬው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ፎቶ አንሺ ይዞ ይመጣል።

"እሺ" አልኩት። እሺ! ምን ነክቶኝ ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

እዚህ እንኳን ልጻፈው። ከእኔ በቀር ማን ያነበዋል?

እጆቹ የእኔ አይደሉም። የእትዬ ናቸው።

ያኔ ጥፍሬን ሥጋው እስኪታይ እበላ ነበር። ደብዳቤ የምቀድበት ትዕይንት ላይ ስንደርስ ዳይሬክተሩ እጄን አየና "ይኼን አስጠግቼ ላንሳ? ሰዉ ጥሎኝ ይወጣል!" አለ። እትዬ የአልባሳት ክፍል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ጥግ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ጎትቶ አመጣት። የቀሚሴን ሁለት እጅጌ ተርትረው አለበሷት። ደብዳቤውን ቀስ አድርጋ ቀደደችው። ተጨበጨበ።

ፊቱ የእኔ፣ እጁ የእሷ። በአሥራ አንድ ፊልም። ጣቶቿ እንዳይወጋጉ መርፌ እንዳትነካ ተከለከለች። ስፌት ነፍሷ ነበር። ምስጢሩ ከስቱዲዮ እንዳይወጣ ሲባል አፌን ሞልቼ "አይወጣም" ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛ ስለ እጄ ሲጠይቀኝ "ከእናቴ የወረስኩት ነው" እል ነበር። ትን እንኳን አላለኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመጀመሪያ ደብዳቤው ስለ እጄ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ጓንት አድርጌ አገኘሁት። በዚያ ሙቀት! ያወለቅኩ ቀን ጥፍሬን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። "ርቦሽ ነበር እንዴ?" አለ። ስቀን አለፍነው።

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ሠላሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አልነገርኩትም። ሳያውቅ ቀርቶ ነው?... ለእኔ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ይብስ ያሳፍራል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

መጡ። እትዬ በዚያ በቁርጥማት በተጣመመ ጣቷ ወንበር አቀረበችላቸው። መስኮቱ ሥር ጥቁር ጨርቅ አነጠፉ። እጄን ዘረጋሁ።

ፎቶ አንሺው የድሮውን እያመሳከረ "ጣቶችዎ ያኔ ረዘም ይሉ ነበር" አለ።

"እርጅና ያሳጥራል" አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እትዬ አልሳቀችም።

ከሄዱ በኋላ ነው የተናገረችው።

"እማዬን ሲኒማ ቤት የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። ደብዳቤው ሲቀደድ አጠገቧ ያለችውን ሴትዮ ጎሸም አድርጋ፣ 'እይው፣ የእኔን እጅ ነው የወረሰችው' አለቻት። ያ እጅ እኮ እማዬ ጉልበት ላይ ነበር። ጨለማው ውስጥ እሷው ይዛዋለች።"

"ለምን አልነገርሻትም?"

"አንቺ ምለሻል። ውሸታም ላድርግሽ?"

እማዬ ሳታውቅ ሞተች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምሳ ቀረበ፤ አልበላሁም። እትዬ በላች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ለአሳታሚው ደወልኩና ነገርኩት።  እሱ ግን ደስ አለው፤ "ይኼማ ይቸበቸባል! አንድ ምዕራፍ ይጻፉልኝ፤ እንባ ያለበት!"

ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ። እያለቀስኩ። ለእትዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ያምራል" አለች። "ግን እኔ የት አለሁ? አንቺ ስታለቅሺ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

እውነቷን ነው። ሀፍረቴንም ተወንኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዘጠኙንም ገጽ ቀደድኩ። ስለ እጄ የጻፍኩትን ሁሉ አወጣሁ፤ አሳታሚው ከመጽሐፉ አንደኛ የሚለውን ምዕራፍ ጭምር። በምትኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ገባ።

"በፊልሞቼ ላይ የምታዩት እጅ የታላቅ እህቴ ነው፤ እናታችን ግን የእኔ እንደሆነ አምና ሞተች።"

አሳታሚው አኮረፈ። ሽፋኑስ? አለ። ስሜ ብቻ ይበቃል አልኩት። ያኩርፍ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የመጽሐፉ ማረሚያ ቅጂ መጣ። ዓረፍተ ነገሩ ያለበትን ገጽ አውጥቼ ለእትዬ ሰጠኋት። መነጽሯን ወልውላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።  ገጹን ይዛ ወጣች፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ። ወዲያው ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች።

"አላመነችኝም። 'በስተርጅና ቀልድ ጀመሩ?' አለችኝ። ተነሺ፣ አንቺው ንገሪያት።"

"ነገ ብነግራትስ..."

"አሁን።"

በቤት ጫማዬ ተከተልኳት። ልብስ ሰፊዋ ስታየኝ ማሽኑን አቁማ ብድግ አለች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እጄ ላይ ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያየኝ። ልማድ ሆኖብኝ እጄን ኪሴ ከተትኩ። አወጣሁት።

"እጁ የእሷ ነው" አልኳት። "አንድም ቀን የእኔ ሆኖ አያውቅም።"

 ይህን ያህል ዓመት ካሜራ ፊት ቆሜ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ልብስ ሰፊዋ ወደ እትዬ ዞረች። "እስቲ ያሳዩኝ" አለቻት። የእትዬን ጣቶች አንድ በአንድ እያገላበጠች ጥያቄ በጥያቄ ላይ አዥጎደጎደች። እትዬ አንዱንም አላስቀረችም፤ እጅጌውን፣ ደብዳቤውን፣ እማዬን... ሁሉንም ነገረቻት።

እኔን ዞሮ ያየኝ የለም። በሩ ላይ ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።