ሚጢጢን መጠበቅ ሳስተምር

ኅዳር 3
አንድ ነገር በቅድሚያ ግልጽ ይሁን። ልጅቷ ሆዳም አይደለችም። አራት ዓመቷ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ «ቆዪ» ማለት «የለም» ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ይህን ካላወቅሁ ምኑን መምህር ሆንኩ?

ልጄ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳ ሚጢጢን ለእኔ ከተወችልኝ ስድስት ሳምንት ሆነ። ቀኑን ሙሉ «እማዬ አሁን ትምጣ» ነው። ስለዚህ ከትንሹ ልጀምርላት አልኩ። ሳህን ላይ አንድ ብስኩት። እኔ «በቃ» እስክል ካልነካችው ሁለት ይሆናል። ሰዓት እይዛለሁ፤ በደብተር እመዘግባለሁ።

ዛሬ አርባ ሰከንድ።

ኅዳር 5
ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። እጆቿ ላይ ተቀመጠችባቸው! ብስኩቱን «ተኛ አንተ፣ ገና አልነጋም» አለችው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ብቅ ብላ አየችን።

«ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተውም ፈተና ያወጣሉ? ይስጧት እንጂ፣ ምስኪን!»
«እየተማረች ነው።»
«እኔን ቢፈትኑኝ ሳህኑንም አላስተርፍልዎትም።»

ሚጢጢ ሳቀች። ብስኩቱን ግን አልነካችም።

ኅዳር 9
ልጄ ደወለች። «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ የኔ ማር» አለቻት። ሚጢጢ ለቅዳሜ ስንት ቀን እንደቀረ ጠየቀችኝ። አራት ጣቶቿን ዘረጋሁላት። በቀን አንድ እንድታጥፍ ነገርኳት። ጥሩ ዘዴ ነው... በክፍልም ሠርቶልኛል።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ
ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ። ምሳም «ከእማዬ ጋር» ብላ እምቢ አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ።

«አባዬ፣ ፈረቃ ቀየሩብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደምንም ብዬ...»
«ራስሽ ንገሪያት።»
«አልችልም። አንተ ንገራት።»

ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ጣቶቼ እኮ አለቁ» አለች።



ኅዳር 16
ሰባት ደቂቃ። በቀይ መዘገብኩት። ጣት ማጠፉን እንደገና ጀምረናል። እኔ ነኝ «ይህኛው ቅዳሜ እርግጠኛ ነው» ያልኳት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ
አልመጣችም።

ኅዳር 24
ሠላሳ ሦስት ደቂቃ! ሙሉውን ጊዜ ግድግዳውን እያየች። በደስታ ብድግ አልኩ።

«ጎበዝ! ሁለቱም ያንቺ ናቸው፣ ብዪ።»
«አልፈልግም፣ አባባ።»
«ስለጠበቅሽ እኮ ነው።»
«አልጠበቅኩም።»

ደብተሬ ላይ «መጠበቅ ተምራለች» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። መፈለግ ነው የተወችው። እንዲህ ያሉ ልጆች አስተምሬአለሁ። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ የማይረብሹ፣ እጃቸውን የማያወጡ። ካርዳቸው ላይ «ጨዋ» እያልኩ ጽፌላቸዋለሁ። ስንት ይሆኑ? ከእነሱ አንዱን እንኳ ምን ሆነህ ነው ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ?

ኅዳር 25
ስልኩ ጮኸ። ልጄ ናት። ሚጢጢ ወለሉ ላይ ሣጥን በሣጥን እየደረበች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ተኝታለች በላት» አለች።

ልጄ «በወሩ መጨረሻ፣ በእርግጠኝነት» አለችኝ። ለልጅቷ አልነገርኳትም። ጣትም አላጠፍንም።

ኅዳር 26
እነዚህን ገጾች ቀድጄ እልክልሻለሁ፣ ልጄ። ለራሴ ብቻ ነበር የምጽፈው። ነገር ግን በስልክ ድምፅሽን ስሰማ የማስበው ሁሉ ይጠፋኛል።

ልጅ መጠበቅን የሚማረው ከሚመጣ ሰው ነው። እኔ በሰዓትና በደብተር ላስተምራት ሞከርኩ። ያልመጣ ቀን በጣቷ ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ይህ ጥፋት የእኔ ነው። ያንቺን አንቺ ታውቂዋለሽ። ፈረቃሽ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልወቅስሽ አይደለም የምጽፈው። ጊዜ የለንም ብዬ ነው። ምናልባትም አልፎብናል... እውነቱን ለመናገር፣ ያለፈብን ይመስለኛል።

ከእንግዲህ ቀን አትስጫት። መምጣት የማትችዪ ከሆነ አልችልም በዪኝ፤ እንዴት እንደምነግራት እኔው እጨነቅበታለሁ። የምትመጪ ከሆነም ሳትነግሪያት ድንገት ነይ።

ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? አንዱን ብቻ ጻፊልኝ። ይህ እጅሽ እንደገባ፣ ሳታድሪ መልሺልኝ።