«ምንዎን ያምዎታል?» የሚለውን ጥያቄ ያስለወጡት የሽንት ፊኛ ካንሰር ሐኪም ማረፍ

የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሕክምና ክፍላችን መሥራች፣ የሽንት ፊኛ ካንሰር ተመራማሪና የብዙዎቻችን መምህርት የነበሩት ፕሮፌሰር ትናንት ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ዐርፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ሆኖም ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት። ባለፈው ዓመት እንቅልፍ የነሳቸው፣ እርሳቸው የከፈቱት የዕለቱ ምርመራ ክፍል የመዘጋት ጉዳይም ከማረፋቸው በፊት እልባት አግኝቷል፤ ስለዚህ ይህን መግለጫ የምናወጣው በዕንባም በፈገግታም ነው።

ባልደረቦቻቸው «እትዬ ቀለም» ይሏቸው ነበር። ስሙ የወጣላቸው የቀለም ቀንድ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ታካሚ፣ አስታማሚ፣ የበጀት ኃላፊ ሳይሉ ያገኙትን ሁሉ የሽንቱን ቀለም ስለሚጠይቁ ነው። የበጀት ኃላፊው ለምዶት ሳይጠየቅ መልስ መስጠት ጀምሮ ነበር።

በ1986 ሥራ ሲጀምሩ አብዛኛው የፊኛ ካንሰር ታማሚ ወደ ሆስፒታላችን የሚደርሰው ሕመሙ ሥር ከሰደደ በኋላ ነበር። እኛ ሐኪሞች ታካሚውን እንወቅስ ነበር፤ የሆስፒታሉ ግድግዳ ላይም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። እርሳቸው ግን «ደብቀው ነው ወይስ ጠያቂ አጥተው?» ብለው ጽሑፉን አስነሡ፤ ከካርድ ክፍላችን በር ላይ ወንበር አስቀምጠውም ተራ ከሚጠብቁት ታካሚዎች ጋር መዋል ያዙ።

ያገኙት ነገር ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ካርድ ክፍል የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምንዎን ያምዎታል?» የሚል ነበር። የፊኛ ካንሰር ደግሞ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሽንትን ያቀላና ተመልሶ ይጠፋል። ሽንቱ የቀላበት ሰው «እኔስ ምንም አያመኝም» ብሎ እውነቱን ይመልሳል፤ የሚያመው ይቅደም ይባልና እርሱ ወደ ኋላ ይገፋል። በማግስቱ ቀለሙ ሲጠራለትም «ቀይ ሥር በልቼ ይሆናል» ብሎ ይቀራል። ተመልሶ ሲመጣ በቃሬዛ ነው። ጥናታቸው እንዳሳየው እነዚህን ሰዎች ያዘገያቸው የእኛው ጥያቄ ነበር። ይህን በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ሲያቀርቡ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ጥያቄው «ምን አይተው መጡ?» ተብሎ እንዲለወጥ አደረጉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሕልም ያየ ሁሉ ሕልሙን ይናገር ጀመር፤ የካርድ ክፍል ኃላፊዋም «እትዬ፣ ሕልም ፈቺ ሆኜ ልቅር እንዴ?» ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። ፕሮፌሰሯ እየሳቁ «ሽንትዎ ላይ» የሚለውን ጨመሩበት። ጥያቄው እስከ ዛሬ በዚሁ ይሠራበታል።

በ1998 የዕለቱን ምርመራ ክፍል ከፈቱ። ሽንቱ ቀልቶ ያየ ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ፣ በመጣበት ቀን ፊኛው በቀጭን ካሜራ ይታያል። ካንሰሩ ከወጣ በኋላም ሊመለስ ስለሚችል፣ ለክትትል ለቀሩ ታካሚዎች ራሳቸው ይደውሉ ነበር። «ደኅና ነኝ ልጄ፣ አታስቢ» ላሏቸው አዛውንት «ደኅንነትዎንማ እኔ ልይልዎት፤ ነገ ብቅ ይበሉ» ብለዋቸዋል። አዛውንቱ መጡ፤ ዛሬም በሕይወት አሉ።

ባለፈው ዓመት፣ ሥር ሰዶ የሚመጣው ካንሰር ስለቀነሰ ክፍሉ ታጥፎ ታካሚዎቹ እንደ ማንኛውም ተመላላሽ በቀጠሮ እንዲታዩ ሐሳብ ቀረበ። ፕሮፌሰሯ በጡረታ ላይ ሳሉ «ዝናብ አልመታኝም ብሎ ጣሪያውን የሚያነሣ አለ?» ብለው ተነሡ። የመጨረሻ ጥናታቸውም ቀጠሮ ሲጠብቅ የሚያልፈው ጊዜ ለታካሚው ምን እንደሚያስከፍለው የሚያሳይ ነው። ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላም ለሚጠይቃቸው ሁሉ የመጀመሪያ ቃላቸው «ክፍሉስ?» ነበር።

ባለፈው ሳምንት የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ቤታቸው ድረስ ሄደው ክፍሉ በቋሚነት እንደሚቀጥል ነገሯቸው። «ጎሽ!» አሉ። ወዲያው ሥራ አስኪያጁን አጅበን የሄድነውን ሐኪሞች ተራ በተራ አይተው «ታዲያ እናንተ እዚህ ተኮልኩላችሁ እዚያ ማን አለ?» ሲሉ ተቆጡን። የተቆጡን ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ቁጣቸው ይናፍቀናል።

ለባለቤታቸው ለጡረተኛው የሒሳብ መምህር፣ ለልጆቻቸው፣ ለታላቅ እኅታቸው፣ ለደቀ መዛሙርታቸውና ለታካሚዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ልጆቻቸው እናታቸውን ከእኛ ጋር ተካፍለዋልና ምስጋናችን ከልብ ነው።

የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ነገ ከቀትር በኋላ ይፈጸማል። የክፍላችን መደበኛ ሥራ ለግማሽ ቀን ይቋረጣል። ባለቤታቸው ግን «እሷን ለመሸኘት ብላችሁ ሰው ከበር ብትመልሱ አትምራችሁም» ስላሉን፣ የዕለቱ ምርመራ ክፍል ነገም ቀኑን ሙሉ ታካሚ ይቀበላል። አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ ከቀብሩ መቅረት ነበረባቸው። ማን ይቅር ብለን ስንጠይቅ ሁሉም እጁን አወጣ።

የክፍሉ ሠራተኞች